ለሰርቨሩ የተላኩ ሽማግሌዎች

ለአንድ ኮምፒውተር ብለን ሽማግሌ ልከናል ብል ማንም አያምነኝም። እኔም ባልኖርበት ኖሮ አላምንም ነበር። ግን ይዣቸው የሄድኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ያላመነ ይተወው።

ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ስማርት ስልክ መምህራን ኪስ ውስጥ ብቅ ብቅ ማለት የጀመረበት ጊዜ ነው። ባለሙያ ይበሉኝ እንጂ ፕሪንተር ወረቀት ሲበላም፣ የኃላፊው ቴሌቪዥን ድምፅ ሲያጣም የምጠራው እኔ ነበርኩ። እናቴን ከእስቴ ገጠር አምጥቻት አብራኝ ትኖር ነበር፤ ልቧን ታማለች። ሐኪሙ ቀጠሮ እንዳታሳልፍ፣ ዳገት እንዳትወጣ፣ ብዙ እንዳትቆም አስጠንቅቋታል። ለእስቴ ሰው ዳገት አትውጪ ማለት ከቤት አትውጪ ማለት ነው፤ ቢሆንም እሺ ብላ ነበር። እኔም ንፋስ መውጫ ላይ ሙጭጭ ያልኩት ለሌላ ሳይሆን ለሆስፒታሉ ነው። ከዚያ ከተማ ከተነሣሁ እናቴ ሐኪም አታገኝም። ነገሩ ይኸው ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ የተማሪዎችን ውጤት ማሳየት ነበር። ሰርቨር በምንለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ውጤቱን የሚይዘውን ፕሮግራም የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ነው። ኃላፊው በስብሰባ መካከል ፕሮግራሙን «የልጅ መጫወቻ» ቢለው ሰውየው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ወጥቶም አልተመለሰ። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ፣ እናቱ ቤት ገብቶ ስልክ ጠጋኝ ሆነ። ከእኛ ቢሮ የሚደወልለትን ስልክ አያነሣም። የጋይንት ሰው ሲቀየም እንዲህ ነው፤ ቂሙን እንደ ዘር እህል ነው የሚያስቀምጠው።

ስለ ኃላፊው ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን ማንም አይሰማኝምና አንተ እለዋለሁ። ሰውየው ባለጉዳይ የሚያስተናግደው አንድ በአንድ ነው። አንዱ ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ ካልወጣ ሌላው አይገባም፤ በሩም አይከፈትም፤ የጠረጴዛው ስልክ ቢያቃጭልም አያነሣም። «አንድ ሰው፣ አንድ ጉዳይ» ይላል፣ በዚህም ይኮራል። ኮሪደሩ ላይ የተደረደረው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋል።

እኔ ታዲያ አዲስ ነገር አመጣሁ። ከአሮጌው ፕሮግራም ፊት ፕሮክሲ አቆምኩ። ፕሮክሲ ማለት ደጅ ላይ የሚቆም ተቀባይ ነው። ውጤት ፈላጊው ከፕሮግራሙ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ጥያቄውን ለፕሮክሲው ይሰጣል፣ ፕሮክሲው ከኋላ ይጠይቅና መልሱን ያወጣለታል። ጥቅሙ ደግሞ ይህ ነው፦ ከፊት ያለው ስልክ አዲሱን ፕሮቶኮል፣ ማለት የመነጋገሪያ ደንብ፣ ቢናገር፣ ከኋላ ያለው ፕሮግራም የድሮውን ብቻ ቢያውቅ፣ መካከል ያለው ሁለቱንም በየስልታቸው ያናግራቸዋል።

ልዩነቱም ከባድ አይደለም። የድሮው፣ አንድ ነጥብ ዜሮ የሚባለው፣ ጠይቆ መልሱን ሲያገኝ መስመሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ ሌላ ጥያቄ ካለው እንደገና ያንኳኳል። አዲሱ፣ አንድ ነጥብ አንድ፣ መልሱን ካገኘም በኋላ መስመሩን አይዘጋም፤ ምናልባት ሌላ የምጠይቀው ይኖራል ብሎ ይዞ ይቆያል። ፕሮክሲውን ማንም ካልነካው ከኋላ ያለውን የሚያናግረው በድሮው ነበር። እኔ ነካሁት። ለምን ነካሽ የሚለኝ ቢኖር፣ ፈጣን ይሆናል ተብሎ አንብቤ ነው፤ ሌላም ምክንያት አለኝ። እኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ፣ የፈለገውን ጠይቆ፣ መልሱን እንዳገኘ ደህና ዋሉ ሳይል እብስ የሚል ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። የእናቴ ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ባለጌ በእጄ አላቆምም አልኩና በአንድ ነጥብ አንድ አደረግሁት።

ብቻዬን ሆኜ ስሞክረው እንደ ቅቤ ለሰለሰ። አንድ ስም ጻፍኩ፣ ውጤቱ መጣ። ሌላ ስም ጻፍኩ፣ መጣ። ደስ ብሎኝ ኃላፊውን ጠርቼ አሳየሁት፤ እሱም እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ተማሪዎቹ የመጡ ዕለት ነው ጉዱ የፈላው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ሰው ከቧቸው፣ መምህራኑም ስልካቸውን አውጥተው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ጠየቁ። የመጀመሪያው ልጅ ውጤቱን አየ። የቀሩት ነጭ ገጽ ላይ አፈጠጡ። ቆይቶ ለአንዱ ይመጣለታል፣ ከዚያ እንደገና ጸጥ። ከስማዳ በእግሩ መጥቶ ዘመድ ቤት ያደረ ልጅ ሁሉ ቁጭ ብሎ ነጭ ገጽ ሲያይ ዋለ። እኔ ኬብል ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ አጥፍቼ አበራሁ። ብቻዬን ስሞክረው ይሠራል፤ ሰው ሲመጣ ይቆማል። በዚያው ሰሞን ኮምፒውተሩንም፣ ኔትወርኩንም፣ ፕሮክሲውንም ነካክቼ ስለነበር የትኛው እንደጎዳኝ ማወቅ አቃተኝ። ልቤ የጠረጠረው ግን አሮጌውን ፕሮግራም ነው። አዲስ ነገር ይዞ የመጣ ሰው ሁልጊዜ አሮጌውን ነው የሚጠረጥረው።

ኮሪደሩ ላይ ተራዬን ጠብቄ ኃላፊው ዘንድ ገባሁ።

«እስከ ሰኞ ካልሠራ ስማዳ ቆላ ትዛወሪያለሽ» አለኝ።

«እዚያ ኮምፒውተር አለ?»

«መብራት ሲገባ ይገባል።»

እናቴ ታወሰችኝ። ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው ካላገኘሁት እንደማይሆንልኝ ነገርኩት። ኃላፊው «የተቀየመ ሰው በስልክ አይመለስም፤ ሽማግሌ እንልክበታለን» አለ። እየቀለደ መስሎኝ ነበር። እሱ እቴ፣ ሽማግሌዎቹን በማግሥቱ አስጠርቶ ጉዳዩን ሰጣቸው። አንድ ቄስ፣ ሁለት ደግሞ ዳኝነት የሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች። ቄሱን ሁላችንም መምሬ ነው የምንላቸው።

አርብ ዕለት በሚኒባስ ወረድን። መምሬ ገና ሳንነሣ «የመጣንበትን የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንቺ ዝም በይ» ብለው አስጠነቀቁኝ። አርብ ገበያ በገበያ ቀኗ ሰውና አህያ ተቀላቅሎ መንገድ አይገኝባትም። እኛ ጋቢ የለበሱ፣ ዘንግ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው አንገቷን የደፋች እኔ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሰንጥቀን ስናልፍ ሴቶች እየተጠቃቀሱ ያዩን ነበር። ገበያ ላይ ሰው ምን አያይ ብዬ አለፍኩት።

ሰውየው ቤት አልነበረም፤ ገበያው ላይ ስልክ እየጠገነ ነው። እናቱ በሩን ከፍተው ሽማግሌዎቹን ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ፤ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም» አሉ መምሬ። «የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመልን አንቀመጥም።»

«ሳትቀመጡ ምን ጉዳይ ይነገራል? በእኔ ቤት እንግዳ ቆሞ ነገር አይናገርም።»

«እንግዲያው እንቆማለን።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማም።»

ደንቡን ለማያውቅ ልንገረው። ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም። ባለቤት ደግሞ እንግዳው ሳይቀመጥ ነገር ካስጀመረ ነውር ነው። ሁለቱም ወገን ደንቡን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ሁላችንም እንደ ምሰሶ ተገትረን ቀረን። አንደኛው ሽማግሌ ዘንጋቸውን ተደግፈው ማንቀላፋት ጀመሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናትየው ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ሴት ልጅ ራሷ ሽማግሌ ይዛ መምጣቷ፣ ዘመኑ እኮ ተገለበጠ» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለውም «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ዝም በይ ተብያለሁና የተጠየቅሁትን ብቻ መለስኩ፤ ከእስቴ እንደሆንኩ፣ የአባቴ እናት ትውልዷ ታች ጋይንት እንደሆነ።

እናትየው ጣታቸውን እያጠፉ ሰባት ቤት መቁጠር ጀመሩ። ሰባት ቤት ሳይርቁ መጋባት እኛ ዘንድ እንደማይቻል ሕፃንም ያውቃል። መምሬ ደግሞ የዘር ነገር ሲነሣ የሚያስችላቸው ሰው አይደሉም፤ ቆመው እንዳሉ ቆጠራውን ገቡበት። እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሊት ለእገሌ ተዳረች፣ እያሉ ሁለቱ ሲወርዱ ሲወጡ ቆይተው አምስተኛው ቤት ላይ እኔና ልጃቸው ተገናኘን።

እናትየው መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። «ወይ ዕድሌ። ደህና ልጅ ነበረች።»

«ቢዛመዱስ ምን አለበት?» አሉ መምሬ ግራ ገብቷቸው። «እንዲያውም ዘመዷ ከሆነ ቶሎ እሺ ይላታል።»

«መምሬ፣ ጠምጥመው እንዲህ ይላሉ?»

«ለአንድ ቀን ሥራ ዝምድና ምን ይከለክላል?»

እናትየው አማተቡ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታውን አልችለውም ነበር። በዚሁ መካከል ልጅየው ገባ፤ ለካ ገበያው ላይ ወሬው ቀድሞ ደርሶታል። ሽማግሌዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ እናቱን አየ።

«እኔ አላገባም» አለ።

ከዚያ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «አግባኝ ያለህ ማን ነው! ሰርቨሩ ነው የቆመው። የአንተ ፕሮግራም ሰው ሲበዛበት ይቆማል፣ እኔ በእሱ ጦስ ስማዳ ቆላ ልጣል ነው፣ እናቴ ሐኪም ልታጣ ነው፣ አንተ እዚህ ስልክ ትጠግናለህ!» እንባዬ መጣ። መምሬ እንኳ አልገሠጹኝም።

ልጅየው ወደ እኔ ዞረ። «ፊቱ ፕሮክሲ አቁመሻል?»

«አዎ።»

«ወደ እሱ የሚሄደውን በየትኛው አደረግሽው?»

«በአንድ ነጥብ አንድ።»

«ወደ ዜሮ መልሺው። እሱ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው የሚሰማው፤ የገባው ዘግቶ ካልወጣለት ለሌላው ጆሮ የለውም። እኔ የጻፍኩት ለአንዲት ጸሐፊ ነበር።» ይህን ብሎ ስልካቸውን ትተውለት የሚጠብቁት ሰዎች ስለነበሩ ወደ ገበያው ተመለሰ። ደህና ዋሉም አላለን።

እኔ ብቻዬን ስሞክረው የሠራበት ምክንያት ያኔ ገባኝ። አንድ ስሆን የከፈትኩትን መስመር ራሴው መልሼ እጠቀምበታለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ላይ ሲመጣ ግን ፕሮክሲው ሁለተኛ መስመር ይከፍታል፤ አሮጌው ፕሮግራም ደግሞ ፊተኛው ሌላ ነገር ይለኛል ብሎ ጆሮውን እዚያው እንደሰጠ ነው። ፊተኛው ምንም አይል፣ አይሄድም። ሁለተኛው ደጅ ላይ ቀረ።

«እሺ ብሎናል ወይስ አላለንም?» ብለው መምሬ ጠየቁኝ።

«ብሎናል፣ አባቴ።»

እንግዲያው ብለው ተቀመጡ። እናትየው የጾም ሽሮ አቀረቡልን። ስንበላ አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩን እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። የሰርቨሩን ነገር ብነግራቸውም አልተጽናኑም።

ስንመለስ መምሬ ነገሩን ከሥሩ አስረጂኝ አሉ። ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ሁለቴ አቋርጠው ጠየቁኝ። በመጨረሻ «ስለዚህ ቤቱን ያቆመው፣ ገብቶ የማይወጣው እንግዳ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«አስወጪም የለውም።»

«የለውም። መስመሩ ካልተዘጋ እንደቆመ ይቀራል።»

መምሬ ንፋስ መውጫ እስክንደርስ ጺማቸውን ሲያሻሹ ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ያችን አንዲት መስመር ወደ አንድ ነጥብ ዜሮ መለስኳት። ሰኞ ተማሪዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ጠየቁ፣ ውጤቱም ተራ በተራ ወረደላቸው። ባለጌ ያልኩት አሠራር ጠይቆ፣ ይዞ፣ ዘግቶ እየወጣ ሁሉንም አደረሰ። አንዷ ልጅ ውጤቷን አይታ አዳራሹ መሐል ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ በደስታ ይሁን በሐዘን አልጠየቅኳትም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ስብሰባ ጠራ። ሽማግሌዎቹን አመሰገነ፤ በባህላችን የማይፈታ ችግር እንደሌለ ተናገረ፤ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ሲያበቃ ቢሮው አስጠራኝ።

«እንግዲህ ስማዳ ትሄጃለሽ» አለኝ።

«ሠራ እኮ።»

«የሠራው በሽማግሌ ነው። ማሽኑ ታርቋል፤ የታረቀ ማሽን ደግሞ ባለሙያ አያስፈልገውም።»

«ስማዳስ ኮምፒውተር የለ፣ ምን ልሠራ ነው?»

«ሲመጣ ዝግጁ ሆነሽ ትጠብቂዋለሽ።»

ሰውየው የምሩን ነበር። ቤት ሄጄ እናቴ ጉልበት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ራሴን ዳበሰችኝ፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ መምሬ ወደሚያገለግሉበት ደብር ሄደች። ደብሩ ዳገት ላይ ነው። አትሂጂ ብላት አልሰማችኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ኮሪደሩ እንደልማዱ በባለጉዳይ ተሞልቶ ሳለ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። ከኋላቸው እናቴ ነበረች። በአጠገቤ ሲያልፉ «መምሬ፣ ምነው በደህና?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው «ዛሬ አንዘጋም» አሉኝና ገቡ።

በሩ ገርበብ እንዳለ ቀርቶ ነበርና ደፍ ላይ ሆኜ ሁሉንም አየሁ። ኃላፊው ብድግ ብሎ ተቀመጡ አላቸው። አንቀመጥም አሉት። ምን ልታዘዝ አለ። መምሬ ነገሩት፤ ይህች ልጅ ከእናቷ አትነጠል፣ እናትየው ያለ ሐኪም አትኖርም አሉት። ይታያል አለ። «ሲታይ እንቀመጣለን» አሉት። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝም ብለው ቆሙ።

ቄስ በዘበኛ አይወጣም። ሽማግሌ አቁሞ ሌላ ባለጉዳይ ማስገባት አይቻልም። እነሱን ትቶ መውጣትማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። ኃላፊው ጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ቀረ፤ እንግዳ ቆሞ እሱ አይቀመጥም። ስልኩ አቃጨለ፣ አላነሣውም። ኮሪደሩ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። ዶሮ በብብቱ ይዞ ተራ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ ነበር፤ ዶሮዋ መንጫጫት ጀመረች። መምህራን መጡ፣ ሹፌሩ መጣ፣ ጸሐፊዋ አፍንጫዋን በበሩ አስገብታ መለሰች። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በሙሉ ቀጥ አለ። ነጩ ገጽ ነው የታወሰኝ፤ ሳቄ መጣ።

ሳቄ ግን አልቆየም፤ እናቴን አየሁ። ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛለች። ወንበር ይዤላት ገባሁ።

«እማዬ፣ ተቀመጪ። ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«መምሬ ቆመው እኔ ልቀመጥ?» አለችኝ።

ከንፈሯ አመድ መስሏል። ይቅርብኝ፣ እሄዳለሁ፣ ስማዳም ቆላም እሄዳለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። መምሬ ዞረው አዩኝ፤ አንቺ ዝም በይ የሚሉትን ያንኑ አስተያየት አዩኝ። ፈራሁ፣ ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ኃላፊው ዓይኑን ከመምሬ አንሥቶ እናቴ እጅ ላይ አሳረፈ፤ እዚያው ቆየ።

«እሺ» አለ። «ትቅር። እዚሁ ትቅር።»

መጀመሪያ የተቀመጠችው እናቴ ናት። ሽማግሌዎቹ ቀጥለው ተቀመጡ፣ መረቁት፣ እሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ አሜን አለ። ከዚያ መምሬ ተነሡና «በል እንግዲህ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው» ብለውት ወጡ፤ ባለ ዶሮው ገባ።

ሐሙስ የእናቴ ቀጠሮ ነበር። ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፤ በባጃጅ እንሂድ ብላት በእግሬ አለች። መንገዱን ሙሉ ክንዴን ይዛኝ ሄደች፤ ደርሰን ተራ ስንይዝም አለቀቀችኝም፤ እኔም አልለቀቅኳትም።